ሳታነብ ያጠፋችው

አንዲት ሴት ነበረች። ሃያ ሁለት ዓመት በታይፕ የጻፈች፣ ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ልጅ የምታስተምር። የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ታይፑን አውጥቶ ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት የሚሠራ ኮምፒውተር አስገባ። ማውስ የለው፣ ሥዕል የለው፤ ጥቁር ስክሪንና ነጭ ፊደል ብቻ። "በሦስት ወር ከለመድሽው ትቆያለሽ። ካልሆነ ሌላ ሰው እንቀጥራለን" አሏት።

መጻፊያው ቪም ይባላል። በመጀመሪያው ቀን ብትመታው ብትመታው ፊደል አልወጣ አለ። ለካ መጀመሪያ አንድ ቁልፍ ተጭና "ልጽፍ ነው" ማለት ነበረባት። ይሁን፣ ይህን ለመደች። ያልለመደችው ሌላ ነው።

መብራት ሄዶ ሲመለስ፣ ፋይሏን ስትከፍት ስክሪኑ በእንግሊዝኛ ይሞላል። በትልልቅ ፊደል "ተጠንቀቅ!" ይላል። ደነገጠች። ከታች ምርጫዎች አሉ፤ አንዷ "አጥፋ" ትላለች። እሷን ተጫነች። እፎይ! ማስጠንቀቂያው ሄደ። የጠፋባት ሁለት መስመር ብቻ ስለነበር ደግማ ጻፈችው። ከዚያ ወዲያ መብራት በሄደ ቁጥር እንዲሁ ታደርጋለች።

ለምን አልጠየቀችም? የኮምፒውተር ባለሙያዋ ሳምራዊት አጠገቧ ነበረች። ግን ሳምራዊትን ድሮ ታይፕ ያስተማረቻት እሷው ናት። ላስተማሩት ሰው "አላውቅም" ማለት፣ ወገኖቼ፣ ቀላል ይመስላችኋል?

የሦስተኛው ወር የመጨረሻ ዓርብ ደረሰ። ፈተናዋ የሁለት መቶ ታካሚዎች የቀጠሮ ዝርዝር ነው፤ እስከ ስድስት ሰዓት መድረስ አለበት። ከጠዋት ጀምራ ጻፈች። ሊያልቅ አሥር ስም ሲቀረው መብራት ሄደ። ሴቭ አላደረገችም። መብራት መጣ፣ ማስጠንቀቂያው መጣ። እጇ ለምዷል፤ ተጫነችው። ገጹ ባዶ ሆነ።

ጩኸቷን ሰምታ ሳምራዊት ሮጣ መጣች። "እትዬ ዘርፌ፣ ምን ወጣ ስክሪኑ ላይ?"

"ያው የተለመደው ስህተት ነዋ! አጠፋሁት።"

"ኧረ ስህተት አይደለም! የጻፉትን ደብቆ አስቀምጦልዎት እኮ ነው። 'ልመልሰው ወይስ ላጥፋው?' ብሎ ነበር የሚጠይቅዎት።"

"ታዲያ አሁን ይመለሳል?"

"አሁንማ ካጠፉት በኋላ... ምነው እትዬ፣ በሦስት ወር አንድ ቀን ቢጠሩኝ!"

በሥራዋ ቆየች ወይ ትሉኝ ይሆናል። አልቆየችም። እናንተን ደስ ላሰኝ ብዬ አልዋሽም።

አትሳቁባት። ሐኪሙ "ቶሎ ተመርመሩ" ሲላችሁ ምን አደረጋችሁ? ሚስትህ "ዛሬስ ካልተነጋገርን" ስትልህ ወዴት ወጣህ? የእግዚአብሔር ተግሣጽ ሲመጣ ሁልጊዜ በለሰለሰ ድምፅ ይመጣል ያላችሁ ማነው? እኛ ግን የሚያስደነግጠንን ሁሉ እንዘጋለን፤ ዘግተንም እፎይ እንላለን። ያ እፎይታ ነው የሚያታልለን።

ከመካከላችሁ ወንድሙ የላከለትን መልእክት "ቁጣ ነው" ብሎ ከፋሲካ ጀምሮ ያልከፈተ አለ። ስም አልጠራም። ዛሬ ቤትህ ስትገባ ክፈተውና እስከ መጨረሻው መስመር አንብበው። ምናልባት "ታርቄሃለሁ" ነው የሚለው። ያንተ ገና አልጠፋም።