ከግንዱ ኋላ ያሉት

አንድ ሰው ነበረ፤ ሰው ቀጥሮ ግንድ የሚያሸክም። «ስድስት ሆነን ስንሠራው ያማረልን ሶፍትዌር፣ አሥር ቡድን ስንሆን ለምን ተበላሸ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል፣ ረድኤት። መልሱ እሱ ጋ ነው።

ይህ ሰው ከስድስት ተሸካሚዎች ጋር ከጫካ ግንድ ያወርድ ነበር። አስቀድሞ መንገድ አይመርጥም። ራሱም ከፊት ተሸክሞ ያያል፤ ጭቃ ሲያገኝ «ግራ!» ይላል፣ ድንጋይ ሲያገኝ «ቀኝ!» ይላል፤ ሁሉም እኩል ይዞራሉ። በፍጥነት የሚያህለው አልነበረም።

አንድ ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል፣ ወንዝ ማዶ ያለ መንደር ለድልድይ የሚሆን ረጅም ግንድ አምጣልን አለው። ዝናቡ ሳይቀድም መድረስ ነበረበት። አርባ ሰው ቀጠረ። ዘዴውን ግን አልቀየረም።

እኔ ያኔ ለዕለት ጉርሴ የምሸከም ጎረምሳ ነበርኩ። ቦታዬ ከመጨረሻዎቹ ጋር ነበር። ስለዚያ ዘመን ብዙ አላወራም።

መንገዱ ገደል አፋፍ ላይ ሲያደርሰን ሰውየው ከፊቱ ቋጥኝ አየና «ግራ!» አለ። የፊቶቹ ዞሩ። ድምፁ እኛ ዘንድ ሳይደርስ ግንዱ ደረሰ፤ የፊቱ ጫፍ ወደ ግራ ሲሄድ የኋላው ጫፍ እኛን ይዞ ወደ ቀኝ፣ ወደ ገደሉ ወጣ። ግንዱን አቅፈን ተንጠለጠልን።

ሰውየው ትከሻው ሲከብደው ዞር እንኳ ሳይል ጮኸ።

«እናንተ ኋላ ያላችሁ! እግር የላችሁም እንዴ?»

«እግርማ አለን!» አለ አጠገቤ የነበረው። «መሬት ነው ያጣነው!»

ማንም አልሳቀም።

ሰውየው ዞሮ አየ። የፊቶቹን ቀስ አድርጎ ወደ ቀኝ መለሳቸው፤ እግራችን መሬት ነካ። ከዚያ ቦታውን ለሌላ ሰው ትቶ መጣና ከእኛ ኋላ ትከሻውን ከግንዱ ሥር አስገባ። ከዚያ ወዲህ ትእዛዙ ከአፍ ወደ አፍ አልፎ እኛ ዘንድ ሳይደርስ፣ «እሺ» የሚለውም መልስ ወደ ፊት ሳይመለስ ማንም አልዞረም።

ዘገየን። ዝናቡ ቀደመን፤ ግንዱ ወንዙ እስኪጎድል ዳር ላይ ተኛ። ከአርባው ሰው ግን አንድም አልጎደለም።

ረድኤት፣ በየሁለት ሳምንቱ አቅጣጫ መቀየር ለስድስት ሰው ፍጥነት ነው። አሁን ግን አንዱ ቡድን ጠዋት ሲዞር፣ በእሱ ሥራ ላይ ተደግፎ የሚሠራው ሌላው ቡድን ከሰዓት ገደል ላይ ነው። አንቺም ሰነፎች ትያቸዋለሽ።

«ጋሼ፣ የማስረከቢያው ቀን ያልፍብናል እኮ» ልትይኝ ነው። ያልፍ ይሆናል። ነገ ስትሰበሰቡ ግን ከፊት አትቁሚ። ከመጨረሻው ቡድን ጋር ቁሚና መጀመሪያ እግራቸውን እዪ።