በዋርካው ሥር ዝም ያለው ነገረ ፈጅ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ተረት አለብኝ፤ የሚያስቅ መስሎ ይጀምርና የማያስቅ። ጥርሳችሁን ቶሎ አትክፈቱ ብያለሁ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ሲካሰሱ ዛፍ ይዳኛቸው በነበረበት ዘመን፣ ባሏ የሞተባት እመት ፍየል ነበረች። ያላት አንድ ግልገል ብቻ ነው። ክረምቱ ሊገባ ሲል አያ ነብሮ መጣና፣ «ይህ ግልገል የእኔ ነው» አላት። «በድርቁ ዓመት አባቱ በገዛ አፉ ሰጥቶኛል።»

«ኧረ አባቱ ከድርቁ በፊት ነው የሞተው!»

«እሱን ለዳኛው ንገሪ።»

ዳኛው ዋርካ ነበር። ዋርካ ከጥላው ሥር የተነገረውን ብቻ ነው የሚሰማ፤ ያልተነገረውን ቢያውቅም እንዳላወቀ ነው። ፍየል ደግሞ ነብርን ስታይ ድምጿ ይጠፋል። ስለዚህ ዝንጀሮን ነገረ ፈጅ አድርጋ ያዘች፤ ዛሬ ጠበቃ የምትሉት ማለት ነው። አቤት አንደበቱ! «አይዞሽ፣ እመት ፍየል። አንቺ ዝም በይ፤ እኔ አለሁልሽ» አላት። እሷም ቃሏን ለእሱ ሰጥታ ዝም አለች።

በሙግቱ ቀን ዝንጀሮ አንድ ጉንጩ አብጦ መጣ። «ውይ፣ ጥርሱን እያመመው ለእኔ ሲል መጣ» ብላ ፍየል አንጀቷ ተንሰፈሰፈለት። ሞኟ እናት!

ነብር የሚለውን አለ። ዋርካው፣ «መልስ የሚሰጥ አለ?» ሲል ጠየቀ። ዝንጀሮ መሬት መሬቱን ያያል።

«መልስ የሚሰጥ አለ?» ዝንጀሮ ብብቱን ያካል።

«ለሦስተኛ ጊዜ እጠይቃለሁ፤ መልስ የሚሰጥ አለ?» ዝንጀሮ ጉንጩን በእጁ ደግፎ ጭጭ።

«እንግዲያው ግልገሉ ለነብር ይሁን» አለ ዋርካው። «ነገር ግን አደይ አበባ እስኪፈነዳ ያልተነገረ ቃል ከመጣ እሰማለሁ። እስከዚያ ነብር ጥርሱን እንዳያሳርፍበት!»

ግልገሉ በነብር እየተነዳ ወደ ኋላው ዞረ። «እምዬ፣ መቼ ትመጪያለሽ?»

«ቶሎ፣ ልጄ። ቶሎ።»

ወዲያው ንብ እየበረረች መጣች። «የዝንጀሮን ጉንጭ ያሳበጠው ጥርስ አይደለም» አለቻት። «ነብር ቀፎዬን ሰብሮ የማር እንጀራዬን በጉንጩ አጭቆለት ነው!»

ይህን የሰማ ጎረቤት ሁሉ፣ «ክሰሺው! የነገረ ፈጆች ሸንጎ አለ አይደል?» አለ። ፍየልም፣ «ቃሌ ያለው እሱ አፍ ውስጥ ነው፤ እሱ ሲቀጣ ልጄ ይመለስልኛል» ብላ በዝናብ ሸንጎው ያለበትን ገደል ወጣች።

የሸንጎው አለቃ ጉሬዛ ነበር፤ ጥቁርና ነጭ ካባውን ደርቦ ቅርንጫፍ ላይ ተኮፍሷል። «ምስክር አለሽ?» አላት። ወርዳ ንብን ይዛ ተመለሰች። «ተከሳሹ አሞኛል ብሏል፤ እስኪሻለው ጠብቂ» አላት። ጠበቀች። ጭቃው እስከ ጉልበቷ እየዋጣት እንደገና ወጣች፤ ዝናቡ ሊያባራ ሲል ዝንጀሮ በመጨረሻ ቀረበ።

«አፍህን ክፈት!» አለው ጉሬዛ። ማሩን ጨርሶ ሰሙን ለመትፋት ሳስቶ ኖሮ፣ ከጉንጩ የተላመጠ ሰም ወደቀ።

«ጌቶቼ፣ እኔ አልዋሸሁም» አለ ዝንጀሮ። «ዝም ነው ያልኩት።»

«ነገረ ፈጅ ዝም ሲል ነው የሚዋሸው! ሦስት ክረምት በየትኛውም ዛፍ ሥር እንዳትናገር!»

እልልታው ገደሉን አስተጋባው። ሸንጎው በፍርዱ ኮራ፤ እውነትም ፍርዱ ትክክል ነበር። ፍየል ግን ቆማ ትጠብቃለች።

«ጌታዬ፣ ግልገሌስ?»

«የምን ግልገል?» አለ ጉሬዛ ካባውን እየሰበሰበ። «እኛ የምንዳኘው ነገረ ፈጁን ነው። የግልገሉ ነገር የዋርካው ነው።»

ፍየል ቁልቁለቱን በሩጫ ወረደች። ሜዳው ቢጫ ለብሷል። ከዋርካው ሥር እንደደረሰች፣ ነብር በአጠገቡ ስላልነበረ፣ ድምጿ ጥርት ብሎ ወጣ። «ባሌ ከድርቁ በፊት ሞቷል! ሰማኸኝ? ከድርቁ በፊት!»

«አደይ ትናንት ፈነዳ» አለ ዋርካው።

«ቃሌን ለዝንጀሮ ሰጥቼው እኮ ነው…»

«ቃልሽን ነጥቀሽው ራስሽ ብትመጪ እሰማሽ ነበር።»

«ማን ነገረኝ? ማን?»

«ማንም አልጠየቀኝም» አለ ዋርካው።

ንብ ከነብር ዋሻ በኩል መጥታ ቀንዷ ላይ አረፈች። «አትሂጂ፣ እመት ፍየል» አለቻት። «ትናንት ነው።»

ፍየል ከዋርካው ሥር ተዘረጋች፤ እንባም አልወጣትም። በዚያ መንገድ የሚያልፉት ሁሉ ወሬውን ሰምተው ነበርና፣ «እንኳን ደስ ያለሽ! አስቀጣሽው አይደል!» ይሏት ጀመር።

«አዎ» ትላለች ፍየል። «አስቀጣሁት።»

ተረቴ ይኸው ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዳቦ ስጡኝ እላችሁ ነበር፤ ዛሬ ግን አፌ መሮኛል፣ ዳቦውን ለራሳችሁ ብሉት። እኔ የምለው፦ ጠበቃ ቢቀጣ፣ የተበላ ልጅ አይመጣ።