በአሸዋ ላይ መቶ መስመር

ድሮ ነው፤ ሐይቁ ሰውን በስሙ ይጠራ በነበረበት ዘመን። እናንተ አንድ ቀን እርሳስ ጨብጣችሁ በማግስቱ ሰዓሊ ነን የምትሉ፣ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

ደንገል አፋፍ በምትባል የሐይቅ ዳር መንደር የሻረግ የምትባል ውሃ ቀጂ ነበረች። ባሏን ይልቃልን ሐይቁ ወሰደው። ታንኳዋ ባዶዋን ተመለሰች። ሬሳው አልተገኘም፤ መቃብርም አልነበረው። ሦስት ዓመት አለፈ። አንድ ጠዋት የሻረግ ስትነቃ የባሏ ፊት ጠፋባት። አፍንጫውን ፈለገች፣ አጣች። ግንባሩን ፈለገች፣ ጭጋግ ሆነባት። ደንግጣ ወደ ደብሩ ሰዓሊ፣ ወደ አለቃ ወልደ ሐና ሮጠች።

«የኔታ፣ ጨርሼ ሳልረሳው ባሌን ይሳሉልኝ።»

«ልጄ፣ እኔ የማውቀው የቅዱሳንን መልክ ነው። የባልሽን መልክ የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

«እጄ ከእንስራ በቀር ምን ያውቃል?»

«እንግዲያው ከመስመር ጀምሪ። በየቀኑ መቶ። እጅሽ እስኪታዘዝሽ።»

ጀመረች። ብራና የላት፣ አሸዋ አላት። ቀለም የላት፣ የሸምበቆ ስንጥር አላት። ጎህ ሲቀድ መቶ መስመር ታሰምራለች፤ ማዕበሉ መጥቶ ይልሰዋል። በማግስቱ መቶ ታሰምራለች፤ ማዕበሉ መጥቶ ይልሰዋል። ውሃ የሚቀዱት ሴቶች፣ «የሻረግ፣ ለዓሣ ጤፍ ልትዘሪለት ነው?» እያሉ ይስቁባታል። ያልሳቀባት እንስራዋ ብቻ ነበር። በዓመቱ መስመሯ እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ አለ።

ሁለተኛው ዓመት የቅርጽ ሆነ። ቅል አስቀምጣ ሳለች። እንቁላል አስቀምጣ ሳለች። ብርሃኑ የት እንደሚያልቅ፣ ጥላው የት እንደሚጀምር ቀን በቀን አየች። ቅሉ በአሸዋው ላይ ሆዱ የሚነፋ መሰለ። ያን ጊዜ ቸኮለችና ፊት ሳለች። ቆንጆ ፊት ወጣ። ትናንት የሳቁት ሴቶች፣ «ይልቃል ራሱ!» አሉ። የሻረግ አየችው፣ አየችው። የደብሩ ግድግዳ ላይ ያለው መልአክ ነበር እንጂ ባሏ አልነበረም። ሌላ ሰው ቢሆን ሙገሳውን ይዞ ቤቱ ይገባ ነበር። እሷ ማዕበሉን እንኳ ሳትጠብቅ በእጇ አበሰችው። ወደ ቅሏ ተመለሰች።

በሦስተኛው ዓመት፣ ሐይቁ ጭጋግ ለብሶ ሰማይና ውሃ በማይለዩበት ጠዋት፣ እጇ ብቻውን ሄደ። በጎኑ የዞረ፣ መቅዘፊያ የያዘ፣ አንድ ዓይን ብቻ የሚታየው ሰው ወጣ። መንደሩ ተንጫጫ። በደብሩ ግድግዳ ላይ ጻድቅ በሁለት ዓይን ይሳላል፤ በአንድ ዓይን የሚሳለው ከሃዲና ሰይጣን ነው። ይህን ሕፃንም ያውቃል።

የመንደሩ ጭቃ ሹም መጣ። «ባልሽን ከይሁዳ ጋር አስቀመጥሽው። ሁለተኛውን ዓይን ጨምሪ፤ አለዚያ ስሙ በጸሎት አይጠራም።»

«አባቴ፣ በቤት አየው የነበረው ፊቱ ከእኔ ሄዷል። የቀረኝ የመጨረሻው ቀን ነው፤ በጎኑ ሆኖ ሲቀዝፍ። ያላየሁትን ዓይን አልስልም።»

«ጨምሪ አልኩሽ።»

«አልስልም።»

ጭቃ ሹሙ ስዕሉን ሊረግጥ እግሩን ሲያነሣ የይልቃል እናት፣ እማማ ደብሪቱ፣ በምርኩዟ ሰዉን እየገፋች ገባች። ጎንበስ አለች። ስዕሉን ከመቅዘፊያው እስከ ዓይኑ አየችው።

«ይልቄ» አለች ቀስ ብላ፣ «ቁርስህን ሳትቀምስ ወዴት ነው?»

 የጭቃ ሹሙ እግር ወደ ኋላ ተመለሰ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፤ መቃብር ላጣው ሰው በዚያ አሸዋ ላይ ተለቀሰለት። የደብሩ ካህንም ስሙን ጠርቶ፣ ሬሳ ጠፍቶ የቀረውን ፍትሐት አደረሰለት። ከዚያ ማዕበሉ መጣ፤ እንደሚያፍር ሰው ቀስ ብሎ፣ ከመቅዘፊያው ጀምሮ ወሰደው።

ዛሬም በደንገል አፋፍ ሐይቁ ሰው ወስዶ ካልመለሰ፣ ለቅሶው አሸዋው ላይ መቶ መስመር ተሰምሮ ነው የሚጀመረው። ደግሞም ሽማግሌ ፊት የቆመ ምስክር ከሚያውቀው በላይ ጨምር ሲሉት፣ «እኔ የየሻረግ አገር ሰው ነኝ፤ ያላየሁትን ዓይን አልስልም» ይላል። ሽማግሌዎቹም ወደ ሐይቁ ዘወር ብለው ያያሉ፤ ዳግመኛ አይጠይቁትም።