ጅብ የዋጠው የጨው ውል

አንድ ጊዜ፣ ጨው ከማር ይልቅ በሚናፈቅበት ደጋ አገር አንበሳ ይገዛ ነበር። ሲያገሳ የሦስት ቀበሌ ቅጠል ይረግፋል፤ ሲያዛጋ ደግሞ ያልተጠነቀቀ ደመና ተስቦ አፉ ውስጥ ይገባል። ይህ ሁሉ ግርማ ግን አንዲት ፍሬ ጨው አያመጣም። ጨው የሚመጣው ከቆላ ነው፤ በስልቻ ታጭቆ፣ በጠፍር ታስሮ፣ በአህያ ጀርባ። ስልቻው ከፍየል ቁርበት ይሰፋል። በዚያ አገር ፍየል ሲሞት ቁርበቱን ለአገር ይናዘዛል፤ ልማድ ነው።

ወደ ቆላ የሚያወርዱት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው በጅብ ገደል ያልፋል፤ አጭር ነው፣ ግን አህዮች የሚደፍሩት ቀትር ላይ ጅቦች ሲያንኮራፉ ብቻ ነው። ሁለተኛው የዝንጀሮዎችን ተራራ ይዞራል። ደርሶ መልሱ ስድስት ቀን ይፈጃል፣ ዝንጀሮዎቹም ለማሳለፊያ አንዳንድ እፍኝ ሽምብራ ይቀበላሉ። ሲቀበሉም ይሳደባሉ።

በዚያ ዓመት ድርቅ ገባና አህዮቹ ከሱ። ጎናቸው እንደ በገና ክር ተቆጠረ። ጭነቱ ቀነሰ፣ ጨው አለቀ። ላሞች አንዷ የሌላዋን ላብ እየላሱ ዋሉ፤ በሬዎች ድንጋይ ልሰው ድንጋዩን አሰለሉት። ዳለቻ የምትባለው ላም ጡቷ ነጠፈ፣ ጥጃዋም እግሩ አልጸና አለ።

ይኼኔ ነው ቀበሮ የመጣው። ራሱን በራሱ ባላምባራስ ብሎ ሾሟል፤ ሌላ የሚሾመው አልተገኘም። ብብቱ ሥር አንድ ጥቅል ብራና ይዟል።

«ጌታዬ፣ ጨው ላገሩ አመጣሁ» አለ።

«የት አለ?» አለ አንበሳ።

«እዚህ ተጽፏል» አለና ብራናውን ዘረጋ። አያ ጅቦ ከኋላው ቆሟል፤ ጸጉሩን አበጥሮ፣ ምራቁን ውጦ፣ ሰርገኛ መስሎ።

ውሉ እንዲህ ይላል። ከዛሬ ጀምሮ የአገሩ ጨው ሁሉ በጅብ ገደል ብቻ ያልፋል። ከቆላ የመጣው ስልቻ በአያ ጅቦ ዋሻ ይከማቻል፤ እሱ እየጠበቀ ለደጋ ያከፋፍላል። የዝንጀሮው መንገድ በእሾህ ይዘጋል፤ ከተሳዳቢ ጋር ምን ንግድ አለ? በለውጡም አያ ጅቦ ከእንግዲህ አህያ ላይበላ ይምላል። ለባላምባራስ ቀበሮ ደግሞ ለድካሙ ከየስልቻው አንድ እፍኝ።

ላሞቹ በደስታ ጮኹ። አንበሳም ጨው አምሮት ስለነበር መዳፉን ጭቃ ውስጥ ነከረ። መዳፉ ብራናው ላይ ካረፈ ውሉ ጸና ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሰማይም አይፈታው።

ግን ሕግ አለ። መዳፉ ከማረፉ በፊት የጭነት ከብቶች እንደራሴ ሦስት ጠጠር ይሰጣታል። በጠየቀች ቁጥር አንድ ጠጠር ትጥላለች፤ ሦስተኛው ከወደቀ በኋላ ዝም ነው። እንደራሴዋ አንዲት ጀርባዋ የተላጠ አህያ ነበረች። ውሉ ከጸና ነገ በገደሉ መጀመሪያ የምትገባው እሷ ናት፤ ተከትለዋት የሚገቡትም እህቶቿ ናቸው።

በአንበሳው አደባባይ ባለው ሾላ ጥላ ሥር ሸንጎ ተቀመጠ።

አህዪት የመጀመሪያውን ጠጠር ጣለች። «ክረምት ሲገባ ገደሉን ጎርፍ ይሞላዋል። የዝንጀሮውን መንገድ ዘግተን ያኔ በየት እናልፋለን?»

አያ ጅቦ ደረቱን ነፋ። «አህያ አልበላም። ሆዴን ይቆርጠኛል» አለ።

ሸንጎው ተያየ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ቀበሮ ሰባት ቀን ሙሉ ያስጠናው ይህችኑ አንዲት መልስ ነበር። አህያ ስለ አህያ እንጂ ስለ ሌላ ትጠይቃለች ብሎ ማን ያስባል?

ቀበሮ ቶሎ ብሎ ገባበት። «ማለቱ፣ እንኳን እናንተን ጎርፉንም ይጠብቃል ማለቱ ነው። ደግሞስ ዝናቡ የት አለና ነው ጎርፉ የሚያሳስብሽ፣ እትዬ አህዪት? አንቺ እኮ ገና ያላረገዘችውን ደመና ታዋልጃለሽ።»

ሸንጎው ሳቀ። በሬዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ተንከባለሉ።

አህዪት ሁለተኛውን ጠጠር ጣለች። «አያ ጅቦ አንድ ቀን ቢቀየመን፣ ወይም ቢያመው፣ ወይም የገደሉን አፍ ዘግቶ ‹ጉልበታችሁን አምጡ› ቢለን፣ ሁለተኛውን በር በገዛ እሾኻችን ከዘጋን በኋላ ጨው ከማን እንጠይቃለን?»

«አህያ አልበላም» አለ አያ ጅቦ።

«በቃ አንተ ዝም በል» አለው ቀበሮ በጥርሱ መሐል። ከዚያ ወደ ሸንጎው ዞሮ ድምፁን ማር አስመሰለው። «እንዲያው እናንተ ፍረዱ። ሙሽራዋ ድንኳን ተቀምጣ ሳለች ‹ብትሞትብኝስ› ብሎ ሌላ ሚስት የሚያጭ አይታችኋል? ወዳጅን እየጠረጠሩ ወዳጅነት የለም።»

«እውነት ነው» አሉ በጎች፤ በጎች የመጨረሻውን ተናጋሪ ነው የሚደግፉት።

አንድ ጠጠር ቀረ። አህዪት ምላሷ ሥር ያዘችው። አንበሳ መዳፉን እንደገና ጭቃ ውስጥ ነከረ። ቀበሮ በጅብ ጆሮ ሹክ አለ፦ «አሁን ነው። አሁን ስለ አህያ ትጠይቅሃለች፤ ያኔ መልስህን ልቀቀው።»

ዳለቻ ከላሞቹ መሐል ወጣች። ድምፅዋ ደርቋል።

«እትዬ አህዪት፣ ጥጃዬ ከትናንት ጀምሮ አልቆመም። ጠጠርሽን ጣይና ይለቅልን። ለወጉ ነው እንጂ ምን ታመጫለሽ?»

«ዳለቻዬ፣ ለጥጃሽ ብዬ እኮ ነው የያዝኩት» አለች አህዪት።

«ጨው የሚያመጣለት ሰው ተገኘ። አንቺ ግን ቃል እያኘክሽ ታዘገዪብኛለሽ።»

አህዪት ጆሮዋን ጣለች። ምናልባት ዳለቻ ልክ ናት፤ ምናልባት ዝም ማለት ይሻል ይሆናል። ጀርባዋ ላይ የተጣጠፈችው ባዶ ስልቻ ተንሸራተተች፤ ሰባት ዓመት ጨው የጠጣች፣ ጠረኗ ከሩቅ የሚጣራ ስልቻ። አህዪት ሳታስበው ቀና አለች። አያ ጅቦ የሚያየው እሷን አልነበረም። ሰባት ቀን ጥናት ዓይኑን ከአህያ አንስቶለታል፤ ከስልቻ ግን አላነሳለትም።

ጠጠሯን ጣለች።

«ጌታዬ፣ አያ ጅቦ አህያ አልበላም ብሏል። አምኜዋለሁ። የእኔ ጥያቄ ስለዚች ባዶ ስልቻ ነው፤ የሾላው ጥላ ጭራዎ ጋ እስኪደርስ ድረስ ይጠብቅልናል ወይ?»

ቀበሮ ጸጉሩ ቆመ። «ይኼ ምን የሚሉት ጥያቄ ነው? የአገር ውል በስልቻ ይፈተናል?»

አንበሳ ጭራውን ተመለከተ። ጥላው አንድ ክንድ ያህል ቀርቶታል።

«ዓመት ሙሉ የአገር ስልቻ ሊጠብቅ የመጣ፣ አንዷን ለአንዲት አፍታ መጠበቅ ከበደው ወይ?» አለ። «ስጡት።»

ስልቻዋ አያ ጅቦ እግር ሥር ተቀመጠች። ሸንጎው ትንፋሹን ያዘ፤ ሾላው እንኳ ፍሬ መጣል አቆመ። ጅቡ ዓይኑን ጨፈነ። አፍንጫው ግን አልተጨፈነም። ከመንጋጋው ምራቅ ወረደ፤ መጀመሪያ እንደ ክር፣ ቀጥሎ እንደ ገመድ፣ ቀጥሎ ጉንዳኖቹ በቅጠል ታንኳ ተሻገሩት።

«አያ ጅቦ፣ ሰማይ ሰማይ እይ» አለው ቀበሮ።

አየ። ደመናው ስልቻ መሰለው።

«አቧራ አለባት። ልጥረግላት እንጂ ነውር ነው» አለና አንድ ጊዜ ላሳት። ጨዋማ ነበረች።

ጥላው ግማሽ ክንድ ቀረው።

«ጠፍሯ ተንዘላዝሏል። ሰው ያደናቅፋል» አለና ጠፍሩን በጥርሱ አሳጠረው። አሳጠረው፣ አሳጠረው፣ አለቀ።

«ተፋው» አለ ቀበሮ፤ አሁን ድምፁ ማር አይደለም።

«የስፌቷ ጫፍ ተተርትሯል» አለ አያ ጅቦ፣ እና አንድ ጊዜ ዋጥ። ስልቻዋ እንደ ጉርሻ ወረደች። ከዚያ ሸንጎው ሁሉ ሲያየው ጊዜ አፉን በእግሩ ጠረገ።

«ጠብቄያታለሁ» አለ። «ሆዴ ውስጥ ማን ይሰርቃታል?»

ጥላው ከጭራው ሁለት ጣት ያህል ርቆ ቆሟል።

ነገሩ እዚህ ባበቃ ለቀበሮ መልካም ነበር፤ ምላሱ ከዚህ ከባሰ ጉድጓድ አውጥቶት ያውቃል። ግን ጨው የቀመሰ ሆድ አይመለስም። አያ ጅቦ አፍንጫው ወደ አንበሳ እግር ሥር ጎተተው። እዚያ ውሉ ተዘርግቷል፤ ከፍየል ቁርበት የተፋቀ፣ ለስላሳ፣ ነጭ ብራና። ቀበሮ ዘሎ በአንድ ጫፍ ያዘው። ጅቡ በሌላው ጫፍ ጀመረ። ገደሉም፣ ዋሻውም፣ እሾሁም፣ የባላምባራስ እፍኝም ተራ በተራ ወረዱ። ቀበሮ ጣቶቹን ለማትረፍ ለቀቀ።

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጌታዬ፣ ውሉ አልጠፋም። በተዋዋዩ ወገን ዘንድ ተቀምጧል።»

«አዎን፣ ከስልቻዬ ጎን» አለች አህዪት።

አያ ጅቦ ሁሉም ሲያፈጡበት ተከፋ። «ምን አደረግሁ? አህያ አልበላም አልኩ። በላሁ?»

«አልበላህም። ቃልህን ጠብቀሃል፣ አያ ጅቦ» አለችው። «ያልጠየቅንህን ነው የበላኸው።»

አንበሳ በጭቃ የተነከረ መዳፉን አየ፤ የሚያሳርፍበት ብራና የለም። ሣሩ ላይ ጠረገውና ሁለቱንም ከአደባባዩ አስወጣቸው። ቀበሮ ሲሄድ ባላምባራስነቱን እዚያው ጥሎት ሄደ ይባላል፤ እስካሁን ያነሳው የለም።

ጨው ግን ገና አልመጣም ነበር፤ የዳለቻም ጥጃ ገና ተኝቷል። አህዪት የዚያኑ ቀን እህቶቿን ይዛ፣ ሽምብራ ተሸክማ የዝንጀሮዎቹን ተራራ ያዘች። ዝንጀሮዎቹ ጆሮዋን ሰደቡ፣ ጥርሷን ሰደቡ፣ የሰባት ትውልድ አያቶቿን አንድ በአንድ እያነሱ ሰደቡ፣ አሳለፏትም። ቆላ ወርዳ ከግመል ጋር ተነጋገረች፤ እሱም በምሥራቅ በኩል የሚያውቀውን ሦስተኛ መንገድ አሳያት። የጅብን ገደልም አልተወችውም። ከዚያ ወዲህ ቀትር ቀትር እያለፉበት ነው፤ ጨውን የሚጭኑት ግን ጅብ በማይመኘው የሰሌን ከረጢት ነው።

በስድስተኛው ቀን ጨው ገባ። ጥጃው አንዴ ላሰ፣ ሁለቴ ላሰ፣ እየተንገዳገደ ቆመ።

ዳለቻ አጠገቧ መጥታ ቆመች። ይቅርታ ማለት ከብዷት መሬት መሬት አየች።

«እትዬ አህዪት፣ ጨውሽ ትንሽ ይመራል» አለች።

«እሱ የዝንጀሮዎቹ ስድብ ነው፣ ዳለቻዬ» አለች አህዪት፣ ሌላውን ጭነት እያራገፈች። «ላሺው፤ አይገድልም።»

ከዚህ የምንማረው፣ አገር የሚያቆም ነገር በአንድ በር ብቻ ይግባ ብለን ሌላውን በገዛ እጃችን ከመዝጋታችን በፊት፣ በሩን እጠብቃለሁ ያለው ምን እንደሚያምረው መጠየቅ እንዳለብን ነው።