አህያ፣ ጅብና ቀበሮ የሠሩት ጌም

አንድ ጊዜ፣ ጅብ አህያን መብላት በተወበት ዘመን፣ አህያ፣ ጅብና ቀበሮ የኮምፒውተር ጌም ለመሥራት ተስማሙ። ጅብ አህያን መብላት የተወው ጸባዩ ተለውጦ አይደለም፤ ኮምፒውተሩ የእሷ ስለነበረ ነው።

ሥራው መተዳደሪያቸው አልነበረም። ቀን ቀን ሁሉም በየፊናው ይውልና አመሻሽ ላይ አህያ ቤት ይገናኛሉ። ሊሠሩ ያሰቡት ተጫዋቹ አንድ ባለታሪክ ሆኖ አገር የሚዞርበትን፣ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ የሚያናግርበትን፣ እየተፈተነም እየበረታ የሚሄድበትን ዓይነት ጌም ነበር። ባለታሪኩ ከሸለቆው ማዶ የሚኖረው ሽማግሌው አንበሳ ነው። ይህ አንበሳ በጉብዝናው ወራት ወንዙን ተሻግሮ እስከ ተራራው ጫፍ በእግሩ ሄዷል። አሁን ግን ጉልበቱ ከድቶታል፤ ዓይኑም ከቀን ወደ ቀን እየደከመ ነው።

«ያንን መንገድ አንድ ጊዜ ብሄድበት ደስ ይለኛል» ብሏት ነበር አህያን። «በእግሬ ባይሆን በጣቴ። ብቻ ዓይኔ ሳይጠፋ ድረሱልኝ።»

«እንደርስልዎታለን» ብላ ቃል ገብታለታለች።

ሥራውንም ተከፋፈሉ። አህያ ፕሮግራሙን ትጽፋለች፤ ቀበሮ ሥዕሉን ይሥላል፤ ጅብ ሐሳብ ያመጣል። በመጀመሪያው ቀን ግን ግራፊክሱ ምን ዓይነት ይሁን የሚል ክርክር ተነሣ።

«ለእኔ ጠፍጣፋ ሥዕል ይበቃናል» አለች አህያ። «እንደ ዳማ ሰሌዳ ከላይ የሚታይ። አንድ ካሬ ሣር፣ አንድ ካሬ ድንጋይ፣ አንድ ካሬ ውሃ እንሥላለን። እነሱን እየደረደርን አገሩን እንሠራዋለን። ለዚህ አሮጌ ኮምፒውተርም አይከብድም።»

ጅብ ምራቁን ዋጠ።

«እኔ የምፈልገው ስሪዲ፣ እንደ እውነት ጎልቶ የሚታየውን ነው» አለ። «ተራራው ዞረው የሚያዩት እውነተኛ ተራራ ይሁን። የአንበሳው ጎፈር እያንዳንዷ ፀጉር ለብቻዋ በነፋስ ትወዛወዝ። ውሃው ሰማዩን ያሳይ። ጥላ ይኑር፣ ጭጋግ ይኑር። ጭጋጉም ጥላ ይኑረው።»

«ጭጋግ ጥላ አለው እንዴ?»

«የእኛ ይኖረዋል።»

አህያ ወደ ቀበሮ ዞረች። ቀበሮ በልቡ እያሰላሰለ ነበር። ሣሩንም፣ ድንጋዩንም፣ ዛፉንም ቁጭ ብሎ የሚሥለው እሱ ነው። ሶፍትዌር እስኪመረጥ ድረስ ግን ሥዕሉ የታለ ብሎ የሚጠይቀው የለም።

«አያ ጅቦ እውነቱን ነው» አለ ረጋ ብሎ። «ለአንበሳ ትልቅ ነገር ነው የሚገባው። እኔም ሥዕሉን ከመጀመሬ በፊት የትኛው ሶፍትዌር እንደሚሻል በደንብ ይጠና።»

ሁለት ለአንድ ሆኑባት። አህያ የጫኑባትን መሸከም ልማዷ ነውና እሺ አለች።

ክረምቱ ገባ። አህያ ጅብ ያመጣላትን ሶፍትዌር ስትማር ከረመች። ገና እየገባት ሲመጣ ጅብ እየሮጠ ደረሰ።

«ያንን ተዪው፤ ሌላ አግኝቻለሁ። የዚህኛው ውሃ ይበልጣል።»

የሠራችውን ትታ እንደገና ጀመረች። ውሃው መፍሰስ ሲጀምር ጅብ ቅጠሉ የሚያምር ሌላ ሶፍትዌር አመጣ። ቀበሮ በየጊዜው «ይጠና፣ ይጠና» ይላል። ኮምፒውተሩ ሥራ በዝቶበት እንደ ምድጃ ስለሚግል፣ ቀበሮ ከጎኑ ተጠቅልሎ ብርዱን በእንቅልፍ አሳለፈው።

ዝናቡ ሊያባራ ሲል በእጃቸው ያለው አንድ ተራራ ብቻ ነበር። መንገድ የለው፣ የሚናገር ፍጥረት የለበት። ነገር ግን ያምራል። ጅብ ዙሪያውን እየዞረ ሲያየው ለሐጩ ይዝረበረባል።

አህያ ይህንኑ ላሳየው ብላ ኮምፒውተሩን ተሸክማ ወደ አንበሳው ሄደች። ደጁ ላይ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ማነሽ?» አላት።

አህያ ደነገጠች። ክረምቱ ሲገባ ከሩቅ ነበር የሚለያት።

«እኔ ነኝ ጌታዬ፣ አህያ። ተራራውን ይዤልዎት መጣሁ።»

አንበሳው ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠግቶ ብዙ ቆየ። ግራጫው ተራራ በግራጫው ጭጋግ ውስጥ ነበር።

«ደመና ነው?» አለ በመጨረሻ። እንዳይከፋትም ብሎ «ጥሩ ደመና ነው» ሲል ጨመረ።

አህያ ጠጋ ብላ ጠየቀችው። «ምን ምን ይታይዎታል?»

«ትልልቅና ደማቅ ነገር ይታየኛል። ቢጫ አይጠፋኝም፤ ጥቁርና ነጭ ጎን ለጎን ከሆኑም እለያለሁ። የተቀላቀለ ነገር ግን ሁሉም አንድ ይሆንብኛል።»

አህያ ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገዱን ሁሉ አንድም ጊዜ አላናፋችም። እንደደረሰችም ጓደኞቿን ጠርታ የሆነውን ነገረቻቸው።

«ስሪዲው ይቅር» አለች። «ጠፍጣፋውን እንሥራ።»

«ተራራዬንስ?» አለ ጅብ።

«አንበሳው አያየውም።»

«መነጽር እንግዛለታ።»

«ለዚህ መነጽር አይረዳም፣ አያ ጅቦ።»

ጅብ ትንሽ አሰበና «ሁለት መነጽርስ?» አለ። አህያ ራሷን በእምቢታ ስትነቀንቅ አኩርፎ ጀርባውን ሰጣቸው።

«ቀበሮ፣ ሥዕሉን ዛሬ ጀምር» አለች አህያ።

«ዛሬማ ብርዱ ጣቴን አደንዝዞታል» አለ ቀበሮ። «መጀመሪያ ስለ ቀለሙ ይጠና።»

«ግድ የለም፣ እኔ እሥላለሁ።»

አህያም በሰኮናዋ መሣል ጀመረች። ወፍራም ቢጫ ነገር ሣለች፤ አራት እንጨት የመሰሉ እግሮች ተከለችለት። ቀበሮ ተኝቶ ባንድ ዓይኑ ያያታል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አንበሳ።»

«እኔ ዱባ መስሎኝ። ጆሮው የት አለ?»

«ይኸው።»

«ይሄ ጅራቱ አይደለም እንዴ?» ቀበሮ ተነሥቶ ተቀመጠ። «አገሩ ሁሉ ሥዕሉ የቀበሮ ነው ብሎ አይደል የሚያምነው? ይሄን አይተው እኔ የሣልኩት ቢመስላቸውስ?»

«ሊመስላቸው ይችላል» አለች አህያ፣ መሣሏን ሳታቋርጥ።

ቀበሮ ይህን ችሎ ሊተኛ አልቻለም። «ተነሺልኝ» አላት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሣለ። ዙሪያውን በጥቁር የተከበበ ቢጫ አንበሳ፣ ነጭ ሰረዝ ያለው ሰማያዊ ወንዝ፣ ትልልቅ አረንጓዴ ዛፎች። አህያ ከሥር ከሥር እየተቀበለች መንገዱንና ወንዙን ደረደረች። አሮጌው ኮምፒውተርም ግለቱ በረደ።

መስከረም ሳያልቅ ሦስቱም ወደ አንበሳው ሄዱ። ጅብ አሁንም እንዳኮረፈ ከኋላ ተከተላቸው።

አንበሳው አፍንጫው ኮምፒውተሩን እስኪነካ ተጠጋ።

«ይሄ ቢጫው እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት» አለች አህያ።

በትልቅ ጣቱ ተጫነና ቢጫው አንበሳ መሄድ ጀመረ። ሸለቆውን አለፈ። ወንዙ ዳር ሲደርስ ግን ቆመ።

«እዚህ ሾላ ነበረ» አለ።

«ይኸው፣ በስተቀኝዎ።»

«አዎ፣ አየሁት። ሥሩ ደግሞ አንዲት እንስት አንበሳ ነበረች። ስትጠብቀኝ ነው የኖረችው። ከተራራው ስመለስ ግን አላገኘኋትም።»

ስለ እሷ ነግሯቸው አያውቅም ነበር። አህያ እንስቷን መጨመር በስሪዲው ቢሆን ሌላ ክረምት እንደሚፈጅ አሰበች። ቀበሮ ግን ማንም ሳያዝዘው ኮምፒውተሩን ወደ ራሱ ሳበ። አንበሳው አጠገቡ ካለው ማሰሮ ውሃ ጠጥቶ አፉን ሳይጠርግ፣ ከሾላው ሥር አንዲት ቢጫ አንበሳ ተቀምጣ ነበር።

«ምን ትበልዎት?» አለች አህያ።

አንበሳው አሰበ። «‹መጣህ?› ትበለኝ።»

አህያ ጻፈችው። አንበሳው ቀስ ብሎ ወደ ሾላው ሄደና ጣቱን ተጫነ። ፊደሉ ስለማይታየው አህያ አነበበችለት።

«መጣህ?»

«መጣሁ» አለ አንበሳው በለሆሳስ።

ጅብ ከኋላ አንገቱን አስግጎ «ጥላ የላትም እኮ» አለ። እሱም ጥቂት ቆይቶ በመሃላቸው ተሸጉጦ ገባና ተቀመጠ።

«ወደ ተራራው መቼ ነው የምንሄደው?» ሲል ጠየቀ።

«እንሄዳለን» አለ አንበሳው፣ ዓይኑን ከሾላው ሥር ሳያነሣ። «ትንሽ እንቆይ።»

ከዚህ የምንማረው መሣሪያ የሚመረጠው ለሚያየው ዓይንና ለሚሠራው እጅ እንጂ ለሚያወራው አፍ አለመሆኑን ነው።