ስምንት ትእዛዝ በአንድ ገመድ

አንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር፤ ምንተስኖት ይባላል። ጎረቤቱ ጋሽ ደምለው ደግሞ በሰፈሩ ሠርግ ሁሉ ላይ ማሲንቆ ሲጫወቱ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። አምና ስትሮክ መታቸውና ደጋን የሚይዙበት ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አለ። ዘንድሮ የመጨረሻ ልጃቸው ልታገባ ሆነ። ጋሽ ደምለው ምንተስኖትን አስጠርተው፣ የሰውን ልጅ ሁሉ ስድር ኖሬ የራሴን በዝምታ ልዳር እንዴ ብለው ለመኑት። እሱም በኪቦርዱ የማሲንቆ ድምፅ አውጥቶ ሊጫወትላቸው ቃል ገባ።

ድምፁንስ አገኘው። የደጋኑን ሲቃ ግን ቁልፍ በመምታት ብቻ ማምጣት አልቻለም። ስለዚህ ማዞሪያዎች ያሉት መቆጣጠሪያ ሳጥን ገዝቶ በገመድ ከኪቦርዱ ጋር አገናኘው። አንዱን ማዞሪያ ሲያዞር ድምፁ አለቀሰ፤ ግን ዘግይቶ፣ ዜማው ካለፈ በኋላ። ሲዘገይበት አልሰማኝም ብሎ መልሶ ያዞራል፤ ያኔ ይብስበታል። ገመድ ቀየረ፣ ሳጥንም ቀየረ፣ ምንም ለውጥ የለም። ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ልምምዱን ሊሰሙ የመጡት ጋሽ ደምለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። እንዴት አንጀት ይበላል መሰላችሁ፤ የገዛ ድምፃቸው እንደ ሰካራም ሲንገዳገድ መስማት!

በማግስቱ ምንተስኖት አንዲት የድምፅ ባለሙያ ጠራ። ሽማግሌውም ተስፋ አልቆረጡ ኖሮ አብረው መጥተው ተቀመጡ። ባለሙያዋ ገመዱንም ሳጥኑንም አልነካችም። ይህ ማዞሪያ ስንት ነገር ያዛል ብላ ጠየቀችው። እሱ ሆዬ፣ በኩራት ዘረዘረላት፦ ንዝረቱን፣ ጉልበቱን፣ ጥራቱን፣ ማስተጋባቱን... ስምንት ነገር በአንድ ማዞሪያ ላይ አስሮ ነበር።

«ወንድሜ፣ ገመዱ መልእክት የሚያሳልፈው አንድ በአንድ ነው» አለችው። «አንዴ ስታዞረው በመቶ የሚቆጠር ትእዛዝ ይሰለፋል። ዘገየ ብለህ ስትደግመው ከኋላው ሌላ ሰልፍ ትጨምራለህ። መሣሪያህ እምቢ አላለህም፤ ገና የቅድሙን እየፈጸመልህ ነው።»

ምንተስኖት የቱን ልተው ብሎ ተጨነቀ። ሁሉም የግድ የሚያስፈልግ መሰለው። ጋሽ ደምለው ይህን ሲያዩ ጣልቃ ገቡ።

«ልጄ፣ እኔ አርባ ዓመት ሰው ያስጨፈርኩትም ያስለቀስኩትም በአንዲት የፈረስ ጭራ ነው» አሉት። «ሲቃዋን ብቻ አስቀርልኝና ሌላውን ፍታው።»

ሰባቱን ፈታ። በሠርጉ ቀን ሙሽራዋ ስትገባ ማዞሪያውን በቀስታ አዞረው፤ ድምፁም ከእጁ እኩል ተነሣ። ጋሽ ደምለው ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ደኅነኛዋ ግራ እጃቸው ግን ጭናቸው ላይ፣ የሌለችውን ጭራ በጣት በጣት እየተጫነች ከዜማው ጋር ትሄድ ነበር። ሙሽራዋ ያቺን እጅ አየቻትና ሥነ ሥርዓቱን ትታ ከአባቷ እግር ሥር ቁጭ አለች።

እኛም እንዲሁ ነን። ልጃችንን፣ የትዳር ጓደኛችንን፣ ሠራተኛችንን በአንድ ትንፋሽ ስምንት ነገር እናዛለን። የመጀመሪያውን ሳይጨርስ ደግሞ እንጮኽበታለን፤ ከዚያ ሰነፍ ነው፣ አይሰማም እንላለን። ዘግይቶ የሚመልስልን ሰው ብዙ ጊዜ እምቢተኛ አይደለም፤ የትናንቱን ቃላችንን ገና ተሸክሞ የሚደክም ነው። ከመድገማችን በፊት አንዱን መርጠን፣ እስኪደርስ እንጠብቅ።

ለመሆኑ ዛሬ ዘገየብኝ ብለህ የተቆጣኸው ሰው፣ ስንት ትእዛዝህን ተሸክሞ ነበር?