ይህ ወይን በምስር አይጠጣም

አንድ ሰው ነበር። ምእመናን፣ ስሙን አልነግራችሁም፤ ታሪኩን ግን ተናገርልኝ ብሎ ፈቅዶልኛል። በአንድ ትልቅ ሆቴል የምግብ አዳራሽ ኃላፊ ነው። የትኛው ወይን ከየትኛው ምግብ ጋር እንደሚሄድ አስተናጋጆችን ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው።

የሆቴሉ ደንበኛ የሆነ አንድ ስፔናዊ መሐንዲስ ከአገሩ ሲመለስ አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን አመጣለት። ሪዮሃ ከሚባል ቦታ የመጣ ነው። ሰውየው ወስዶ ሳሎኑ ቡፌ ውስጥ፣ ከመስታወቱ ኋላ አስቀመጠው። የእኛን ቤት ቡፌ ታውቁት የለ? ያማረው ብርጭቆ ሁሉ እዚያ ይቀመጣል፤ እኛ በተሸራረፈው እንጠጣለን።

ይህ ሰው ድንበሩ የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረው። እናታቸው ካረፉ በኋላ በቤት ውርስ ተጣልተው ለዓመታት ተኳርፈዋል። ሠርግ ላይ እንኳ ቢገናኙ ፊት ይዟዟራሉ።

ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም፣ አንድ ዓርብ ከቅዳሴ በኋላ፣ ጋሽ ድንበሩ የታናሽ ወንድሙን በር አንኳኳ። ታሞ ከስቷል፤ ኮቱ ሰፍቶታል። የሰውየው ሚስት ይርገዱ በደስታ የምትሆነውን አጣች። ቤት ያፈራውን ምስር ወጥ አቀረበች።

ጋሽ ድንበሩ ቡፌው ውስጥ ያለውን ጠርሙስ አየ። «አንተ፣ ያቺን ክፈታትና እንታረቅባት» አለ። «ቂም ይዤ መሄድ አልፈልግም።»

ሰውየው ምን አለ? ሳቀ!

«ጋሼ፣ አንተ ሙት፣ ይህ ወይን በምስር አይጠጣም! ይህ የበግ ጥብስ ይፈልጋል፤ የቆየ አይብ ይፈልጋል። ለፋሲካ ና። በጉን አርጄ፣ ሰው ጠርቼ፣ በወጉ እንታረቃለን።»

ይርገዱ ከጓዳ ሰምታ ወጣች። «ኧረ በውሃም ቢሆን ታረቁ! ምን ያቆያችኋል?»

«አንቺ ደግሞ!» አላት ባሏ።

ጋሽ ድንበሩ ቀስ ብሎ «ፋሲካ ሩቅ ነው፣ ወንድሜ» አለ። ምስሩን ቀመስ አደረገ፣ እጁን ታጠበ፣ ወጣ። ይቅር ለእግዚአብሔር ሳይባባሉ ተለያዩ።

ሰውየው ክፉ ነበር? አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። በልቡ እኮ ታርቋል! ጠርሙሱን ያቆየውም ወንድሙን ሊያከብርበት ነው። ግን በልቡ መታረቁን ጋሽ ድንበሩ በምን ይወቅ?

ፋሲካ ሳይደርስ ጋሽ ድንበሩ ዐረፈ።

ሰውየው ቤት ለቅሶ ተቀመጡ። ስፔናዊውም ሊያጽናና መጣ። ለቀስተኛው ሁሉ የሚበላው ምስር ቀረበለት። በላ። ቀና ሲል ያመጣው ጠርሙስ ቡፌው ውስጥ ሳይከፈት እንዳለ አየ፤ የሚለው ጠፍቶት፣ በተማራት አማርኛ እንዲህ አለ፦ «እናቴ ቤት ይህን ወይን በምስር ነው የምንጠጣው።»

ሰውየው እስከዚያች ሰዓት አላለቀሰም ነበር። «ጋሼ! ጋሼ!» እያለ ደረቱን መታ። ይዘው ሊያስቀምጡት አልቻሉም። እንግዳው ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ ደንግጦ ቆሞ ቀረ።

አሁን አንዳንዶቻችሁ «መምህሩ በጾም ስለ ወይን ያስተምረናል እንዴ?» ትላላችሁ። ቆዩኝ። ጠርሙሱን እርሱት። ይርገዱ ምን አለች? በውሃም ይሆን ነበር! ያ ሰው ጾሙን አልሻረም። ምግቡንም ወይኑንም ያውቃል። ወንድሙ ሊሞት እንደሆነ ግን አላወቀም።

እናንተስ ታውቃላችሁ? የእናንተ ወንድም ስንት ፋሲካ እንደቀረው የነገራችሁ አለ?

«ልጄን ልዳርና የተጣላኋትን ያኔ እጠራታለሁ» የምትይ እህቴ፣ እስከዚያ ማን ይጠብቅሻል? «ሽማግሌ ይላክና» የምትል ወንድሜ፣ በሩን ራስህ ብታንኳኳ እጅህ ይሰበራል? ሁላችንም ይቅርታን ቡፌ ውስጥ ቆልፈን፣ የሚመጥነው ቀን እስኪመጣ እንጠብቃለን። ቀኑ መጥቶ የምንታረቀው ሰው ቢቀርስ?

ያ ፋሲካ መጣ። በጉም ታረደ፣ ጥብሱም ቀረበ። ጠርሙሱን ግን የከፈተው የለም። እስከ ዛሬ እዚያው ቡፌ ውስጥ አለ፤ ይርገዱ አቧራውን ትወለውለዋለች።

ዛሬም ዓርብ ነው፣ ምእመናን። ቤታችሁ የሚጠብቃችሁ ምስር ነው። ከመቁረሳችሁ በፊት ያኮረፋችሁትን ሰው ጥሩት።